አንድ እጅጌ የቀረው ኮት

ወንድሜ የኮቱን እጅጌ ከትከሻው ጋር እያጋጠመ በስፒል ይይዛል፤ ሐኪሟ ከጠረጴዛቸው ማዶ ሆነው እግሩን ያያሉ። እኔ ክሩን ይዤ በመሀላቸው ተቀምጫለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፦ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጋዋን የሚሰቀልበት ሚስማር፣ ግቢውን የሚያሳይ መስኮት። ከበሩ ውጭ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ያስላሉ።

ወንድሜ መርፌውን ጥቂት ጊዜ አሳለፈና ተነሣ። እስከ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ተቀመጠ። ክሩን ስቦ ሳይጨርስ ደግሞ ተነሣ።

«ይቅርታ ዶክተር» አለ አፍሮ።

«ምንም አይደል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሚያስነሣህ ሐሳብህ ነው ወይስ እግርህ?»

መርፌውን እንደያዘ ቆሞ አሰበ። «እግሬ ነው እንጂ። ሐሳቤማ ኧረ ተቀመጥ፣ ኧረ ተቀመጥ እያለ ይለምነኛል።»

ሐኪሟ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ዝናው በኮት ትከሻ ነው፤ ትከሻ ደግሞ በእጅ፣ ተቀምጠው፣ ልብሱን ጭን ላይ አጥፈው ነው የሚሰፉት። ቀኝና ግራ ትከሻው እኩል የሆነ ሰው እስካሁን አላየሁም ይላል። ወደ ክሊኒኩ ያመጣነውን ግራጫ ኮት ለኔ የጀመረው ሳይታመም በፊት ነበር። አንድ እጅጌ ሲቀረው ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። አንድ ቀን ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጦ አገኘነው። እኚሁ ሐኪም መድኃኒት አዘዙለት፤ ድምፁ ጠፋ። ወንድሜ ተኛ፣ በላ፣ እኔንም እንደ ድሮው «ሚጡ» ብሎ ጠራኝ። ያንን ውለታ ማናችንም አንክድም።

መቀመጥ ያቃተው ከዚያ በኋላ ነው። በሱቃችን ፊት ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይውላል። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው «ፖስታ» የሚል ስም አወጣለት፤ ባለፈ ቁጥር «ፖስታ፣ ዛሬም ደብዳቤ የለኝም?» ይለዋል። ወንድሜ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ ኋላ ተወው። እናቴ በየቀጠሮው «ዕረፍት አጥቷል፣ አንድ ቦታ አይረጋም» ትላለች፤ ሐኪሟ ሕመሙ ያገረሸ መስሏቸው መድኃኒቱን ይጨምራሉ፤ እሱ ደግሞ ይብሱን ይዞራል። ባለፈው ቀጠሮ እናቴ «መርፌውንም እርግፍ አድርጎ ተወው» ስትል ግን ሐኪሟ ካጎነበሱበት ቀና ብለው አዩት። «ስትመለስ ሥራህን ይዘህ ና» አሉት።

ይኸው ይዞ መጣ።

«ስማኝ» አሉት አሁን። «እግርህን የሚያስነሣው ሕመምህ አይደለም፣ እኔ የሰጠሁህ መድኃኒት ነው። እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። አንተ ላይ ሳየው ግን ሕመም ነው አልኩና ጨመርኩልህ። ሲብስብህ ደግሞ ጨመርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሐኪም ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድምፃቸው አልተለወጠም፣ ዓይናቸውንም ከሱ ላይ አላነሡም። ወንድሜ ግራ ገብቶት «ኧረ ምንም አይደል ዶክተር፣ ያጋጥማል» እያለ ሊያጽናናቸው ሞከረ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«እኔ እኮ… ሥራ የጠላሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ወስላታ የሆንኩ።»

በሩ ተንኳኳና ቅባት የተቀባ ጭንቅላት ብቅ አለ። የመድኃኒት ድርጅት ወኪል ነበር፤ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ቦርሳው አብጧል።

«ዶክተርዬ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ! ሰው አለ እንዴ? ልጠብቅ?»

ሐኪሟ ወንድሜን አዩት። እሱም ይግባ የሚል ምልክት ሰጠ።

«ግባ። እነሱም ይስሙ፤ የሚውጡት እነሱ ናቸው።»

ወኪሉ የሚያምር ወረቀት ዘረጋ። ወረቀቱ ላይ ሶፋ ላይ ተንፈላሶ የሚስቅ ሰው አለ። አዲሱ ኪኒን ከድሮው የተሻለ እንደሆነ፣ ታካሚዎች እንደሚወዱት፣ በቅርቡም ስለሱ ስብሰባ ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚደረግና የሐኪሟ ስም ከተጋባዦቹ መሀል እንዳለ በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። በመጨረሻ እስክሪብቶዎች አወጣ።

«እስክሪብቶውን መልሰው፣ እርሳስ አለኝ» አሉ ሐኪሟ፤ አላግጠው አይደለም፣ እውነትም ያጠረች እርሳስ ነበረቻቸው። «ይልቅ ጥናቱ ምን ያህል ቆየ?»

«ጥቂት ሳምንት ነው ዶክተር። ውጤቱ ግን ግሩም ነው!»

«የኔ ሰዎች ለዓመታት ነው የሚወስዱት። በመሀል ያቋረጡትስ? ያቋረጠ አለ?»

ወረቀቱን ገለባበጠ። «አሉ፣ አሉ… ብዛታቸው ተጽፏል።»

«ለምን አቋረጡ?»

«እሱ እዚህ ላይ የለም።»

«እኔ ጋ የሚመጡት እነሱ ናቸው» አሉ። «ለምን እንዳቋረጡ አጣርተህ ስትመጣ ቁጭ ብለን እናወራለን። ከልቤ ነው የምልህ፣ ጥሩ ከሆነ እኔም እፈልገዋለሁ።»

ወኪሉ አልተቀየመም፤ እንደውም የደከመው ሰው ይመስል ነበር። ሊወጣ ሲል ወንድሜ «ወንድም፣ የኮትህ የግራ ትከሻ ወድቋል፣ በዚያ በኩል ነው መሰል ቦርሳ የምትይዘው» አለው። ሰውየው ትከሻውን ዳሰሰ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። ወንድሜ ሰውን በልብስ ሰፊ ዓይን ካየ ብዙ ጊዜው ነበር።

መድኃኒቱ ሊቀነስ ነው ሲባል እናቴ አበደች። በማግስቱ ራሷ ክሊኒክ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት።

«ዶክተር፣ እርስዎ ከጠረጴዛ ሥር ተሸጉጦ አላዩትም። እኔ አይቻለሁ። ይዙር! እየዞረም ቢሆን ይኑርልኝ። አይንኩብኝ።»

«ፍርሃትዎ ልክ ነው እናቴ» አሉ ሐኪሟ። «እኔም እፈራለሁ። አናቋርጠውም፣ በጣም ቀስ ብለን እንቀንሳለን። እንቅልፉን እርስዎ ይዩልኝ፤ ከኔ ይልቅ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ከተዛባ ይደውሉልኝ።»

እናቴ አልረካችም፤ ግን ሥራ ስለተሰጣት ስልክ ቁጥራቸውን ይዛ ወጣች።

መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ አልነበረም። ኋላ ምሳውን ከወንበሩ ሳይነሣ መብላት ጀመረ። ከዚያ እንቅልፍ ከዳው፤ እናቴ «አላልኩም? አላልኩም?» እያለች ደወለች። የዚያን ዕለት ሐኪሟ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ሱቃችን መጥተው የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ድምፁ ተመለሰ?»

ወንድሜ እኛን እኛን አየ። «ከሩቅ ነው። ስሜን ጠርቶ ዝም ይላል።»

«በል፣ ቸኩለናል። ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስና እዚያ እንቆይ።»

«እና አልተሳካም ማለት ነው?» አልኩ እኔ።

«ለምን አይሳካም? ያለሱ የማይሆንለትን መጠን አውቀናል። ትርፉን ነው የምናነሣው።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «መድኃኒት ጠላትህ አይደለም። እኔ ነኝ ሳላይ ያበዛሁት።»

መድኃኒቱ ልኩ ላይ እንዲረጋ ያደረጉት እንዲህ ነው፤ ከድሮው በጣም አንሶ፣ ግን ሳይጠፋ። ድምፁም ተመልሶ ራቀ። እሳቸው ደግሞ ከወንድሜ ወዲህ ሌላውንም ታካሚ ሥራህን ይዘህ ና ማለት ጀመሩ። አንዴ ለቀጠሮ ስንሄድ አንድ ፀጉር አስተካካይ የተነፋ ፊኛ ላይ ሳሙና ቀብቶ በምላጭ ሲላጨው ደረስን። ሐኪሟ ጉንጫቸውን ደግፈው እጁን ያያሉ፤ በራፍ ላይ ያለነው ሁሉ ፊኛው ሊፈነዳ ነው ብለን ጆሯችንን ይዘናል። አልፈነዳም። ወረፋው ረዝሞ ነበር፣ የሚያጉረመርምም ነበር፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ትልቅ ሰው አጥፍቶ ሲያርም ምን እንደሚመስል የተማርኩት ከሳቸው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ሱሪ እየተኮስኩ፣ ወንድሜ ግራጫውን ኮት ጭኑ ላይ አጥፎ እየሰፋ ነበር። ቀና ብዬ ላለማየት ታገልኩ፤ ካየሁት የሚነሣ እየመሰለኝ። የመርፌው ድምፅ ብቻ፣ ጨርቁን ሲወጋና ክሩ ሲከተለው። እግሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ጸጥ ብለዋል።

ጫማ ሰፊው በበሩ አንገቱን አሰገገ። «ፖስታ! ምነው ዛሬ ከሥራ ገበታህ ጠፋህ?»

«ጡረታ ወጣሁ» አለ ወንድሜ፣ ክር እንደነከሰ።

«ደብዳቤዬንስ?»

«ማን ነው የሚጽፍልህ? ሂድ ሶልህን ለጥፍ!»

ጫማ ሰፊው እየሳቀ ሄደ። ወንድሜ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ገበሩን መልሶ ሰፋው፣ ክሩን ቋጥሮ በጥርሱ በጠሰ። ካውያውን ከእጄ ተቀብሎ ትከሻውን ተጫነው። ከዚያ ሁለት እጅጌ የሞላለትን ኮት አራግፎ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለውና ስፒሎቹን ወደ ቆርቆሯቸው መለሰ። የበጋው ሙቀት ሊያቀልጠን ነበር፤ ልልበሰው አላልኩም።