የመቶ አርባ ደቂቃ ሰማይ

ራጅ አንሺዋ ሃያ ሰባት ዓመት የሰው አጥንት ስታነሳ ስለኖረች ሰማይ ማንሳት የሚያቅታት አልመሰላትም። ያገለገለ ካሜራ ገዝታ የገባች ቀን፣ ልጇን «እዚያም ጨለማ፣ እዚህም ጨለማ» አለቻት።

ሰማዩ ግን ጉድ ሠራት። በመጀመሪያው ሌሊት በሕንጻው ጣሪያ ላይ ካሜራውን በማቆሚያው ተክላ ብታነሳ፣ ለካ ምድር ዝም ብላ አትቆምም፣ ከዋክብቱ የተበጣጠሰ ክር መስለው ወጡ። ካሜራውን ከሰማዩ ጋር ቀስ እያደረገ የሚያዞር፣ ቀይ መብራት ያለው ትንሽ ሞተር ተውሳ ተመለሰች። ያን ጊዜ ደግሞ ፎከሱን ስታ እያንዳንዱ ኮከብ የሸሚዝ ቁልፍ አከለ። በሦስተኛው ሌሊት ሌንሱ ላይ ጤዛ ወረደበት። ልጇ ጠዋት ኮምፒዩተሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እማዬ፣ ይሄ ሳንባ ነው ጉበት?» እያለች ሳቀችባት።

በአራተኛው ሌሊት ተሳካላት። መቶ አርባ ፎቶ አነሳች፣ እያንዳንዱ የአንድ ደቂቃ። አንዱ ለብቻው ምንም አይደለም፤ ሁሉም በኮምፒዩተር ሲደራረቡ ነው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ጎልቶ የሚወጣው። ያም ሆኖ በካሜራው ትንሽ ስክሪን መሐል የጣት አሻራ የምታህል ጭጋግ አይታ ልቧ ዘለለ። ዕቃዋን ልትሰበስብ ጎንበስ ስትል ፊቷ ላይ ባትሪ በራባት።

የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢው ነበር፣ ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ። ጥበቃው ከኋላው ቆሟል።

«ምንድን ነው የሚያነሱት?»

«ሰማይ።»

«ሰማይ ምን የሚነሳ አለው? ከፊት ለፊቱ ሕንጻ ተደውሎልናል። መኝታ ቤታችን በካሜራ እየታየ ነው ብለዋል።»

«ካሜራው ወደ ላይ ነው የዞረው! ይዩት እንጂ!»

«እሱን ኮሚቴው ያየዋል» አለና ሚሞሪውን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ጥበቃው አፍሮ መሬት መሬት ያያል።

ቁጣው የመጣባት ደረጃውን ስትወርድ ነው። ቤቷ ገብታ ልጇን ቀሰቀሰቻት። «ስንቱ ልብሱን አውልቆ ፊቴ ሲቆም ዓይኔን ሰብሬ የኖርኩ ሰው፣ እኔ የሰው መስኮት ላይ?» እያለች ሳሎኑን ስትዞረው ነጋ።

እሑድ ምድር ቤት ስብሰባ ተጠራ። ራጅ አንሺዋ ገና ሳትቀመጥ «ፎቶዎቹ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይከፈቱ» አለች።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለነዋሪው ደኅንነት ሲባል አጥፍተናቸዋል።»

«ሳታዩ?»

«አይተናል። ጥቁር ነገር፣ ነጠብጣብ ነገር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የሚረባ የለውም።»

«መስኮት አየህ?»

«አየህ» ስትለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እስከዚያች ቀን ጎረቤቱን ሁሉ «እርስዎ» ስትል ነው የሚያውቋት።

«አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ መጋረጃ አይተሃል ወይ?»

«አ... አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ቤት ነህ አንተ፣ የኔን ልፋት የምታጠፋው?»

ከኋላ ወንበር አንዲት የፊት ለፊቱ ሕንጻ ነዋሪ ብድግ አለች። «የደወልኩት እኔ ነኝ። ጣሪያ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ አይቼ ደነገጥኩ። ሄደው ይዩልኝ አልኩ እንጂ ያጥፉ አላልኩም። ይቅርታ፣ እህቴ።»

ሰብሳቢው ግን ይቅርታ ከአፉ አልወጣም። «አሠራሩ ነው» አለ፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ። ጣሪያውን መጠቀም እንደምትችል ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረና ስብሰባው ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ወይ ደመና ነው ወይ ጨረቃ። ሰማዩ የጠራ ዕለት ልጇን አስከትላ ወጣች፤ ዘጠና ደቂቃ አገኙ። በማግስቱ ፎቶዎቹን ደራርበው ሲጨርሱ፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ያለባት፣ ዘመም ያለች ጋላክሲ ስክሪኑ ላይ ወጣች። ልጇ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«የጠፉት ቢጨመሩበት?»

«ከዚህ በጣም ይጠራ ነበር» አለች እናት።

ፎቶውን አሳጥባ ስትመለስ ሰብሳቢው አሳንሰሩ በር ላይ ገጠማት። አየና ፊቱ በራ። «ድንቅ ነው! አንድ ቅጂ ለስብሰባ ክፍላችን ቢሰጡን፣ ሕንጻችንን ያስጠራ ነበር።»

«አልሰጥም» አለችው፣ ፎቶውን ወደ ደረቷ አዙራ፤ የአሳንሰሩን በር ትታ ስድስቱን ፎቅ በእግሯ ወጣችው።