የጎደለችው ፊደል

የመንግሥት መምህራን ከመንደሩ ሲሸሹ ድሪሳ ቶኤ ያለ ደመወዝ ላስተምር ብሎ መጣ። ይህን የሰሙ ጤንነቱን ተጠራጠሩ። አካባቢውን የተቆጣጠሩት ታጣቂዎች የትምህርት ቤቱን ቋንቋ፣ ፈረንሳይኛን፣ የሚያስተምር ካገኘን እንገድላለን ብለዋልና፣ ከሽማግሌው ከኖአጋ የማሽላ ጎተራ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚያስተምረው። ሰሌዳውን ከጎተራው ውስጥ ይሸሽገዋል።

ኖአጋ ከሞሲ ነገድ ነው፣ ድሪሳ ደግሞ ከሳሞ ነገድ። ሞሲና ሳሞ ሲገናኙ "አንተ ባሪያዬ" መባባል የአባቶቻቸው ወግ ነው፤ በዚህ የተቆጣ ሰው ራሱ መሳቂያ ይሆናል። ሳሞዎች የውሻ ሥጋ ይበላሉ ስለሚባል ኖአጋ ጠዋት ጠዋት "ውሻ በላ" እያለ ይሰድበዋል፣ ድሪሳም በአፉ የሚያንስ አይደለም።

ሰኞ ረፋድ ላይ የታጣቂዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ድንገት ደረሱ። ሰሌዳውን ለመደበቅ ጊዜ ነበር፣ ልጆቹን ለመበተን ግን አልነበረም። ድሪሳ የማሽላ መውቂያ ዱላ አነሳና እንደ ጉልበት ሠራተኛ ይወቃ ጀመር። የታጣቂዎቹ አለቃ፣ ፊቱን በጥምጥም የሸፈነ ወጣት፣ ይሄ ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

"ባሪያዬ ነው" አለ ኖአጋ እየሳቀ። "ሳሞ ነው። የውሻ ጭንቅላት ከመብላት ሌላ ምን ያውቃል? ፊደል ብታሳየው ይበላታል።"

ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ለካ እሱም ሞሲ ኖሯል። አለቃው ግን አልሳቀም። ቁጢጥ ብሎ አሸዋው ላይ በጣቱ በፈረንሳይኛ ጻፈና የድሪሳን ዓይን ዓይን ያይ ጀመር። ጽሑፉ "እገድልሃለሁ" ነው የሚለው። ድሪሳ ማንበብ መቻሉ ከታወቀበት አለቀለት። ከመጨረሻው ቃል አንድ ፊደል መጉደሏን ሳይቀር አይቷል፣ እንዳላየ ሆነ።

"ምን ይላል?"

"እኔ ምኑን አውቄ፣ ጌታዬ። ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለኝ።"

አለቃው አመነው መሰል፣ አሸዋውን ከጣቱ አራግፎ ተነሳ። ይሄኔ የዘጠኝ ዓመቷ ራኬታ ከልጆቹ መሃል ወጣች። ድሪሳ በየቀኑ ሆነ ብሎ አሳስቶ ይጽፍላቸዋል፤ ቀድሞ ላረመ ይጨበጨብለታል። ራኬታ ጎንበስ ብላ የጎደለችውን ፊደል ጨመረች። ከዚያ ጭብጨባዋን እየጠበቀች ድሪሳን ቀና ብላ አየችው።

"ማን አስተማረሽ?" አለቃው ክንዷን ጨምድዶ ያዘ።

አሁን ገባት። ከንፈሯን ነከሰች። ሲያጠብቅባት እንባዋ ወረደ፣ ትንፍሽ ግን አላለችም። ድሪሳ በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ዱላውን ጣለ።

"እኔ ነኝ። ልቀቃት።"

"አትስሙት" አለ ኖአጋ። "ሳሞ ሲፈጥረው ውሸታም ነው። ባሪያዬ ነው እያልኳችሁ..."

ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። ያ ሞሲው ታጣቂ እንኳ አንገቱን ደፋ። አለቃው የልጅቱን ክንድ ለቀቀና ድሪሳን ወደ ሞተሩ ገፋው።