መከስከሻው ላይ

ገበሬው ትንሿን ትራክተር ሰጥቶ፣ ጥሪቱን ጨምሮበት፣ ያገለገለ ትልቅ ትራክተር ሲያመጣ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ!» አለው። ምን ደስታ አለ! ሰውዬው ትራክተር አምሮት አይደለም የገዛው፤ የሚስቱ ወገብ ነው ያስገዛው።

ከትንሿ ትራክተር ኋላ የሚጎተተው መከስከሻ ጓሉን በመፍጨት ፈንታ ላይ ላዩን እየዘለለ ያልፋል። ድንጋይ ሲጭኑበት ተንሸራቶ ይወድቃል። ስለዚህ ከተጋቡ ጀምሮ ሚስቲቱ ናት ሳንቃ አጋድማበት፣ ላዩ ተቀምጣ በክብደቷ የምትጫነው። ዘንድሮ ሐኪሙ «አንድ እርሻ ከደገምሽ መራመዱን እርሺው» አላት። ባልም «ይቺ ትራክተር አቅም የላትም፤ ጉልበት ያለው ካመጣሁ ዕረፍት ታገኛለሽ» ብሎ ማለላት።

ትልቁ መጣ። መከስከሻውን ቀጠለበትና ነዳው። ሞተሩ አገር ያናውጣል። የማሳው ጫፍ ደርሶ ዞር ቢል ጓሉ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው! ለካስ ጥፋቱ ድሮም የትራክተሯ አልነበረም፤ መከስከሻው ራሱ ቀላል ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያቺን ምስኪን ትራክተር በከንቱ ሲረግሟት ኖሩ። ሌላ መከስከሻ መግዣ የለ፣ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። ድክም ብሎት መሪው ላይ ተደፋ።

ቀና ሲል ሚስቱ ወገቧን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ ሳንቃዋን ታቅፋ እየመጣች ነው።

«ኧረ ተይ! ምነው እናቴ፣ ልትሞቺብኝ ነው?»

«ታዲያ ማን ይቀመጥልህ? ጎረቤት ልጥራ?»

«እኔ እቀመጣለሁ። የዚህ ወንበሩ እንኳን ስፕሪንግ አለው፣ ነይ አንቺ ንጂ።»

ሳቀችበት። ትንሿን ወደ መጋዘን የምታስገባት እሷ ስለነበረች መንዳቱ አይጠፋትም፤ እርሻ ላይ ግን አንድ ቀን ወንበሩን ለቆላት አያውቅም። ደግፎ ትራክተሩ ላይ አወጣትና ሄዶ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ።

ገና ከመጀመሪያው ጓል ጥርሱ ተንገጫገጨ። አቧራው አፉን ሞላው። እያንዳንዷ ድንጋይ ከመቀመጫው ተነስታ አናቱ ድረስ ትዘልቃለች።

«ቀስ በይ!» ብሎ ጮኸ። አልሰማችውም።

«ኧረ ወገቤን! ቀስ በይ!» ሞተሩ ዋጠው። እሷ ፊት ፊቷን እያየች ቀጥ አድርጋ ትነዳለች። ዳግመኛ ሊጣራ አፉን ከፈተና ተወው፤ ሳንቃውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ጫፍ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍታ ዞረች።

«ጠራኸኝ እንዴ?»

«አንቺስ ትጠሪኝ ነበር?»

አቧራውን ከፊቷ ጠረገች።

«መጀመሪያ መጀመሪያ እጠራህ ነበር» አለችው።