የማቃጠያው ዳስ ቁልፍ

ቁልፉን ለዳጂባ ብሰጠው ሟቹ ባሌ ሴናጂ ምን ይለኛል? ባልሰጠውስ የልጅ ልጄን ምን ያደርጉብኛል? ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

ዝናቡ አራተኛ ቀኑን ይዟል። የዳጂባ ፓቲል እናት ጎህ ሲቀድ ሞተች አሉ። ዋይታው ከላይኛው ሰፈር እኛ ድረስ ይሰማል። በዚህ ዝናብ ሬሳ የሚቃጠልበት ቦታ በመንደሩ አንድ ብቻ ነው፤ ወንዙ ዳር ያለው፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ዳስ። የዳሱ ቁልፍ ደግሞ እኔ ቤት፣ ከቡድሃ ሥዕል ሥር፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ያንጠለጠለችው ቪሻካ ናት፤ የልጅ ልጄ፣ የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀመንበር። ከቤት በወጣች ቁጥር፣ «አጂ፣» ትለኛለች፤ አያቶቻችንን የምንጠራው እንዲህ ነው፤ «ማንም ቢመጣ፣ ዳጂባ ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይፈርም ቁልፉን እንዳትሰጪ።» ቃለ ጉባኤው፣ ዳሱ ከላይኛውም ከታችኛውም ሰፈር ለሞተ ሁሉ ነው ይላል። የታችኛው ሰፈር የእኛ ነው፤ የላይኞቹ ከነካናቸው የሚረክሱ ይመስላቸዋል። ሰባቱ አባላት ፈርመዋል። ስምንተኛው ዳጂባ ነው። ዛሬም ይህንኑ ብላኝ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ወረዳ ሄደች።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እንዲሁ በክረምት፣ ባሌ ሴናጂ ሞተ። ያኔ ሊቀመንበሩም ቁልፍ ያዡም ዳጂባ ነበር። ልጄ ጫማውን በእጁ ይዞ ከግቢያቸው በር ቆሞ ለመነ። መልስ የሰጠችው እናቲቱ ናት፤ ከሰገነት ላይ ሆና፣ «የእናንተ ቦታ ወንዙ ማዶ ነው። ዝናቡ እንደሆነ የሁላችንም ነው፣ እሱንም ከለከልናችሁ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ሜዳ ላይ አቃጠልነው፤ ማቃጠል ከተባለ። እርጥብ እንጨት፣ ሁለት ጀሪካን ላምባ፣ ከላይ አራት ሰው የወጠረው ሸራ። እሳቱ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሻ ሳባርር ዋልኩ፣ አደርኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አባቴ ቡድሃን የተቀበለው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው፤ ለላይኛው ሰፈር የሞተ ከብት መጎተቱን በዚያው ቀን ተወ። እኔም የትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ በየጠዋቱ እጄን አጣምሬ ሕይወት ያለውን ላልጎዳ ቃል እገባለሁ። ቃሉን ስጨርስ ግን ዓይኔ ቁልፉ ላይ ያርፋል። አልዋሽም፤ አሮጊቷ በክረምት እንድትሞት ስመኝ ኖሬያለሁ።

ቪሻካን ለምርጫ ያቀረባት ራሱ ዳጂባ ነው። ሕጉ በዚህ ዙር ወንበሩ ከእኛ ወገን ለሆነች ሴት ነው ሲል፣ ሰፈራችንን ቤት ለቤት ዞሮ አንገቷን የደፋች ፈለገ። «የጊርጃ የልጅ ልጅ ትሁን፤ አያቷ ሠላሳ ዓመት ግቢዬን ስትጠርግ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም» አለ። ዝም ያለ ሁሉ የረሳ መሰለው። ተመረጠች። ባንዲራ በሚሰቀልበት ቀን ወንበሩን ለምክትሏ ሰጥተው እሷን መሬት አስቀመጧት። ተቀመጠች። በሳምንቱ የዳሱን ጓጉንቸር ቀየረች።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ደጃፌ ላይ ቆመ። ቁልፉን ከምስማሩ አውርጄ ሳሪዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ።

«ጊርጃባይ፣ አሉ?»

ዕድሜ ልኩን «ጊርጃ»፣ «አንቺ» ሲለኝ የኖረው ዳጂባ ነው።

«አለሁ። በዚህ ዝናብ የት እሄዳለሁ?»

«እናቴ አረፈች።»

«ሰማሁ። ዕድሜ ጠግባለች።»

«ቁልፉን ፈልጌ ነበር።»

«ግባ» አልኩት። «አንተ» ማለቴን የሰማሁት ካልኩ በኋላ ነው።

«እዚሁ ይሻለኛል፤ እግሬ ጭቃ ነው።»

«የእኔ ቤት ጭቃ ይፈራል? ግባ፣ ወንበር አለን። ልጅቷን መሬት ስታስቀምጧት ነው የገዛሁላት።»

ገባ። ወንበሩ ጫፍ ላይ እሾህ እንዳለበት ሁሉ ተቀመጠ። ከእንስራው ውሃ በኩባያ ቀድቼ ሰጠሁት።

«ጠጣ።»

«ሬሳው ሳይቃጠል እህል ውሃ አይነካም አፌ። ያውቁታል።»

ልማዳቸው እንደዚያ ነው፤ ላይዋሽም ይችላል። ነገር ግን ግቢውን ስጠርግ ቢጠማኝ እናቱ ውሃውን ከላይ በእፍኜ ነበር የምታፈስልኝ። አንድ ቀን ኩባያዋን ብነካባት አንስታ ወደ ጓሮ ወረወረችው።

«እንግዲያው እስኪያባራ ጠብቅ» አልኩት። «ሴናጂም ሁለት ቀን ጠብቋል።»

ኩባያውን መሬት ላይ አኖረና ወደ በሩ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅቷ ከአውቶቡስ ወርዳ በሸንኮራው ማሳ መካከል ብቻዋን ነው የምትመጣው፣ አይደል?» አለ።

ከጠዋት ጀምሮ የፈራሁት ይህንኑ ነበር። እጄ ወደ ቋጠሮው ሄደ።

«ብቻዬን ነው የምመጣው፣ ፓቲል» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ቪሻካ ናት፤ እስከ ጉልበቷ ርሳለች። «ወንዙ ድልድዩን ሞልቶ አውቶቡሱ ተመለሰ። እናትዎን ሰማሁ።»

ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ መዝገቡን ከመደርደሪያው አውርዳ ፊቱ ዘረጋች፣ እስክሪብቶውንም አቀበለችው።

«እዚህ ጋ።»

«እዚህ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ፣ አንቺ ልጅ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ቦታዎን ባዶ ያቆየሁልዎት።»

ከላይኛው ሰፈር ዋይታው እንደገና ተነሣ። ፈረመ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድደው ምንም አልቀረውም።

«አጂ፣ ቁልፉን» አለች ቪሻካ።

«ውሃውን ይጠጣ።»

«ውሃው ቃለ ጉባኤው ውስጥ የለም፣ አጂ።»

«የእኔ ውስጥ አለ።»

«አጂ!»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ አይደለም? ይጠጣ!»

ዳጂባ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኩባያውን አነሣ። ሲጠጣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ማንቁርቱ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። ጣፈጠኝ፤ የጠጣሁት እኔ እስኪመስለኝ ጣፈጠኝ።

ባዶውን ኩባያ ወደ እኔ ዘረጋ። በሳሪዬ ጫፍ፣ እጄ እንዳይነካው አድርጌ ተቀበልኩትና በአጠገቡ አሳልፌ ወደ ውጭ፣ ወደ ጭቃው ወረወርኩት።

«ረክሷል» አልኩ።

ዳጂባ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ ቪሻካን ነበር የማየው፤ ትስቅልኛለች ብዬ። አልሳቀችም። ቋጠሮው በጣቴ አልፈታ አለኝ፤ በጥርሴ ፈትቼ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖርኩ።

ዳጂባ እጁን ለቁልፉ ዘርግቶ ነበር፤ እሷ ግን ጨበጠችው። ይህን ሲያይ ቀድማ እንድታልፍ ከበሩ ገለል አለላት።

ደፉ ላይ ቆመች። ጭቃው ውስጥ የተጋደመውን ኩባያ አየችው፤ ዝናቡ ይሞላዋል። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

«ምነው? ተቆጪኝ እንጂ!» አልኳት።

ጫማዋን አጠለቀች፤ ቁልፉን እንደጨበጠች ወደ ወንዙ መንገድ ወጣች።