የቦሩ ወይን የበሰለ ዕለት

ሁንዴ መጥረቢያውን ከወይኑ ግንድ ሥር አስደግፎ እናቱን ገበያነሽን ይጠብቃል። ግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል ሊሠራ አስቧል፤ ወይኑ ደግሞ ቦታውን ይዞበታል። ገበያነሽ ብዙም አልተሟገተችውም። ብቻ አምና የጠመቀችው ሳይቀመስ ግንዱ አይቆረጥም አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚያጓጓ ወይን አልነበረም። ባሏ ቦሩ ቤቴል ሰፈር በአንድ ኦስትሪያዊ ግቢ አትክልተኛ ሳለ ነው የሚተከለውን ቁራጭ ያመጣው። ብላውፍራንኪሽ የሚባል የብርድ አገር ጥቁር ወይን ነው ብለውት ነበር፤ ሰፈሩ ስሙን መጥራት ሲያቅተው የቦሩ ወይን ብሎ ተገላገለ። ቦሩ ለፋሲካ እንዲደርስለት በየዓመቱ ፍሬው ጠቆር ከማለቱ ይለቅመዋል። በየዓመቱም እንግዳው አንዴ ይጎነጭና ፊቱን አጨማዶ፣ ጥሩ ነው ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ከኮምጣጤ የሚለየው በስሙ ብቻ ነበር። ቦሩ የኮልፌን ብርድ እንደረገመ በዚያው አለፈ።

ያረፈው አምና ፍሬው በጠቆረ ሰሞን ነው። በለቅሶው መሀል ወይኑን ማን ያስታውሰዋል? ያስታወሱት ከአጥሩ ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊው ጋሽ ሽኩር ናቸው። የሚጠጡ ሰው ሆነው አይደለም፤ የጎረቤት ልፋት የወፍ መጫወቻ ሲሆን ማየት አልሆነላቸውም። አሮጌ ሲዲዎች በክር አንጠልጥለው ወፎቹን አባረሩ። አርባው ወጥቶ፣ ፋሲካም አልፎ ገበያነሽ ብታይ ዘለላው እንዳለ ነው። ከሚበላሽ ብላ ጠመቀችውና ረሳችው።

አሁን ጋሽ ሽኩርም ለስንብቱ ተጠርተው ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገበያነሽ ቀዳች፤ ፊቷን አስቀድማ አጨማዳ ተጎነጨች።

የተጨማደደው ፊቷ ቀስ ብሎ ተፈታ። መጀመሪያ እንጆሪ መጣ፣ ልጅ ሆና ከአጥር ላይ የምትለቅመው ጥቁሩ እንጆሪ። ከዚያ ከወዴት መጣ ሳይባል ቁንዶ በርበሬ ምላሷን ነካ አደረጋት። ከዋጠችውም በኋላ አልሄደም፤ ደረቷ ውስጥ ሞቅ ብሎ ተቀመጠ። ገበያነሽ ፈራች። ይህን የሚያህል ነገር ከልብስ ማስጫዋ ገመድ ሥር ዝም ብሎ ሲኖር እሷ አላወቀችም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደደረሰ ሰው ነጠላዋን አስተካከለች።

ሁንዴም ቀመሰ። ብርጭቆውን አየ፣ እናቱን አየ፣ ተመልሶ ብርጭቆውን አየ።

"እኔ አልቀምሰው፤ እስቲ ንገሪኝ" አሉ ጋሽ ሽኩር።

"ብርዱ አልበደለም ጋሽ ሽኩር። ጊዜ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ቦሩ ነው ሳይበስል የሚለቅመው።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ስንቴ ሰምታለች፤ እንዲህ አንጀቷን በልቷት ግን አያውቅም። አንድ ዓመት እንኳ ፋሲካን ቢያሳልፈው ኖሮ ይቀምሰው ነበር። ለወይኑ ጊዜ የሰጠው የቦሩ ሞት ሆነ።

ሁንዴ ተነስቶ መጥረቢያውን አነሳ። ገበያነሽ ብድግ አለች። ልጁ ግን መጥረቢያውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ፤ ሲመለስ በእጁ ባዶ ብርጭቆ ነበር።

"ለአባዬም ቅጂለት" አላት።

እስከ አፉ ሞላችው።