ራም የጎደለው ኮምፒዩተር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ካህረባ፣ መብራቱ ማለት ነው፣ ሲመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰካው ስልኩን ነው። አሰጋሽ ግን ኮምፒዩተሯን ትሰካለች። ሰክታም አትሠራበት፤ አይሠራማ! ቁልፉን ስትጫነው ማራገቢያው ይዞራል፣ ከዚያ ከሆዱ ውስጥ ጩኸት ይጀምራል። ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ…። ስክሪኑ እንደጠቆረ ይቀራል። እሷም ልጇን ታቅፋ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች።

«ኧረ በመድኃኔዓለም አጥፊልን!» ትላለች ጎረቤቷ ለተትንሳኤ ከግድግዳው ማዶ። «ሙት የሚጠራ እኮ ነው የሚመስል!»

«ሙት አይጠራም። ሲሳይን ነው የሚጠራ።»

ይሄኔ ለተትንሳኤ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት፣ ከግድግዳው ትርቃለች።

ሲሳይ ባሏ ነው። ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ኮምፒዩተሩም የሱ ሐሳብ ነበር። በአጨዳ ሰሞን ከአገር ቤት የሚጎርፈው ሠራተኛ ስልኩ ላይ ዘፈን ማስጫን ይወዳል፣ ፎቶ አሳትሞ ለእናቱ መላክ ይወዳል። ደህና ኮምፒዩተር ያለው ሰው ታዲያ ምን ቆርጦት ፀሐይ ላይ ያጭዳል? አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ዕቃውን አንድ በአንድ እየመረጠ ሊገጣጥም ተነሣ። ሲመርጥ ደግሞ አያድርስ ነው፤ የእርሻ በሬ የሚገዛ ነበር የሚመስል።

ኬዙን ከጨረታ የወጣ፣ ጎኑ የተጣመመ አመጣ። «ቆርቆሮ ነው፤ ቢጣመምስ ምን አባቱ!» አለ። ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ያገለገለ ያዘ። ሃርድ ዲስኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሲሽከረከር እየሰማ፣ የሚንኳኳውን ሁሉ ለባለሱቁ መለሰ። ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ተፈታ። «የገዳሪፍ ካህረባ እብድ ነው፤ ሲስቅልሽ ቆይቶ በጥፊ ይልሻል። እዚህ ላይ የሰሰተ ሌላውንም ያቃጥላል» ብሎ አዲሱን ገዛ።

የቀረው ራም ብቻ ሆነ። ራም ከጣት የማትበልጥ ስስ ቁራጭ ናት፤ እሷ ከሌለች ማሽኑ ሲበራ ጎደለኝ ብሎ ይጮኻል። ሱቅ ያለው ራም ሁሉ ደግሞ አዲሱ ዓይነት ሆነና ከታች ያለችው ክፍተት ከቦርዱ ጥርስ ጋር አልገጥም አለች። የሲሳይ ቦርድ የሚፈልገው የድሮውን ነው፣ ዲዲአር ሦስት የሚሉትን። «ካርቱም ሞልቷል» አለና በሰሙነ ሕማማት ከጓደኛው ከታምሬ ጋር ተነሣ። አሰጋሽ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ሊወጣ ሲል ማሽኑን አብርቶ አሰማት።

«ራሙን እስካመጣለት እንዲህ እያለ ይጠራኛል፤ አትደንግጪ። ለፋሲካ መጥቼ ዝም አሰኘዋለሁ» አላት።

በቀዳም ሹር ካርቱም ላይ ጦርነቱ ፈነዳ።

ታምሬ ከወራት በኋላ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ብቻውን ተመለሰ። «መንገድ ላይ ተጠፋፋን» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው አመሉ ተለወጠባት። እሷ ስትደርስ ወሬ ይቆማል። በዓል ሲሆን ለራሱ ሳይቆርስ ለሷ የሚልከው በዛ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? አሰጋሽም አልጠየቀችም። ያገሯን ወግ ታውቀዋለች፤ መርዶ በመንገድ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። የሷ በር አልተንኳኳም። ካልተንኳኳ ሲሳይ አለ፤ ማሽኑም እየጠራው ነው።

ጎህ ሊቀድ ሲል ግን ሁሌም ትነቃለች። ከውጭ የእግር ኮቴ ስትሰማ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። ኮቴው ያልፋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ካህረባ ሳይኖር፣ ማሽኑ ሳይሰካ፣ ያንን ጩኸት ትሰማዋለች፤ ተነሥታ እጇን ኬዙ ላይ ስታሳርፍ ቀዝቃዛ ነው።

ዘንድሮ የፖሊሱ አፈሳ፣ ከሻ የሚሉት፣ በረታ። እየዞረ የሚያፍስ፣ የሚያባርር፤ ከሻ ያላየ አይጠይቀኝ። የመንገድ ዳር ሻይ ሁሉ ሲነሣ አሰጋሽ ሻይ እያፈላች የምትኖርበትም ምድጃ ተገልብጦ ቀረ።

«እስከመቼ ነው ላም አለኝ በሰማይ?» አለቻት ለተትንሳኤ። «ልጅቷ ትብላ እንጂ! ራሙን ግዥና ሥሪበት።»

አሰጋሽ ያን ዕለት ስታለቅስ ዋለች። ራሙን እሷ ከገዛች ሲሳይ ምን ይዞ ይመጣል? ይዞት የሚመጣው ነገር ከሌለ ለምን ብሎ ይመጣል? እንዲህ ነበር ያሰበችው። የጨነቀው ሰው ሐሳብ ሥርዓት የለውም።

በማግስቱ የቦርዱን ጥርስ በካርቶን ለክታ፣ ቆርጣ፣ የኮምፒዩተር ዕቃ ወደሚሸጠው ረድዋን ሱቅ ሄደች። ረድዋን ወላጆቹ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛውን ጀምሮ በዓረብኛ ይጨርሰዋል። ሁለት ሦስት ራም ደረደረላት። ካርቶኗን እያስጠጋች ሁሉንም መለሰች።

«ይሄ ዲዲአር አራት ነው። ሴት ናት ብለህ ልታሞኘኝ ነው?»

ረድዋን ካርቶኑን አገላብጦ አየው፣ እሷንም አያት፤ ማን እንደሆነች የገባው መሰለ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣ።

«ስንት ትላለህ?»

«ጅነህ፣ ገንዘብ አልፈልግም፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ።»

ነጋዴ ዋጋ ካልጠራ ደግ ነገር የለም።

«የሲሳይ እኮ ነው፣ አላህ የርሐሞ፣ ነፍሱን ይማር» አለ ረድዋን። «ኪሱ ውስጥ ነበረ። ታምሬ ከቀበረው በኋላ አምጥቶ፣ እሷ ስትመጣ ስጣት ብሎኝ ነው። መቼም ለቅሶው ላይ…» ፊቷን አየና አፉን ያዘ። «ወላሂ! አልነገሩሽም?»

ምን ያድርግ? እሱ ባደገበት የሞተ ዕለት ይነገራል፣ የሞተ ዕለት ይቀበራል። ሁለት ዓመት የሚደበቅ ሞት እንዳለ ከየት ይወቀው!

አሰጋሽ አልጮኸችም። ጨርቁ የሲሳይ ሽርጥ ቁራጭ ነው፤ ጠርዙን የሰፋችው እሷ ናት። «አንተ አልነገርኸኝም፣ እኔም አልሰማሁም» አለችውና ይዛ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ለተትንሳኤን ጠራቻት። «ታምሬን ራም ተገኝቷል፣ መጥተህ ግጠምልኝ በይው።» ለተትንሳኤ በእጇ ያለውን ጨርቅ አየች። ነጠላዋን አንሥታ ሄደች።

ታምሬ ሲገባ ማሽኑ በርቶ ይጮኻል። ጢጥ… ጢጥ…። አሰጋሽ መዳፏን ዘረጋችለት። ሰማያዊውን ጨርቅ ሲያይ ግድግዳውን ያዘ።

«እርጉዝ ነበርሽ» አለ። «ከዚያ አራስ ሆንሽ። ከዚያ ወንድሞችሽ ይድረሱ ስንል የመተማው መንገድ ተዘጋ…»

«መች ጠየቅሁህ! ግጠመው። ለፋሲካ መጥቼ ዝም አሰኘዋለሁ ብሎኝ ነበር። እሱ ካልቻለ አንተ ዝም አሰኘው።»

ታምሬ ማሽኑን አጠፋ። ራሙን ከቦርዱ ጥርስ ጋር አገናኘና ተጫነው፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ልክ ነበር፤ ሲሳይ መቼም ዕቃ መምረጥ ያውቅበታል።

«አንቺ አብሪው» አለ።

«አንተ!»

ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ። ጢጥ አለ አንድ ጊዜ፣ አጭር። ሁለቱም ሁለተኛውን ጠበቁ። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ፊደል ተደረደረ። ሁለተኛው አልመጣም።

«በእነዚህ እጆቼ ነው የቀበርሁት» አለ ታምሬ፣ መሬት ላይ ተደፍቶ። «ሲወድቅ እንኳ ኪሱን ይዞ ነበር።»

ያኔ በሩ ተንኳኳ። ጎህ አልነበረም፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ለተትንሳኤ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ቆመዋል።

አሰጋሽ ሻሿን ከራሷ ላይ አወለቀች።

«ግቡ» አለች። ከዚያ ጮኸች።