ሰባተኛው ገጽ ላይ የጎደለችው መስመር

አምቢሊ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አቁማ፣ ጠዋት ጠዋት ከእናቷ ጋር ፋብሪካ የካሹ ፍሬ ትልጣለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ወጥታ ድረ ገጽ መሥራት ትማራለች። የምትማርበት የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ቫንቺ ይባላል፤ ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ ስህተት ያገኘም ማንም ሰው እርማት ይልካል። መመሪያውን በአገሩ ቋንቋ፣ በማላያላም የጻፉት ራሳቸው አስተማሪው፣ ሳሲ ማሽ ናቸው፤ «ማሽ» በቋንቋቸው መምህር ማለት ነው።

ታዲያ የመመሪያው ሰባተኛ ገጽ ላይ ሁሉም ሰው ይወድቃል።

እናቷ ኦማናም አምና እዚያው ገጽ ላይ ነው ያቆመችው። «ይኼ ለእኛ አይደለም» ብላ ወጣች። አሁንም ቁርጡን ተናግራለች፦ ዛሬ ዐርብ ካልተሳካ፣ ከሰኞ ጀምሮ አምቢሊ ሙሉ ቀን ፋብሪካ ትውላለች።

አምቢሊ ለሦስተኛ ጊዜ ከአንደኛው ገጽ ጀመረች። እያንዳንዷን መስመር በጣቷ እየተከተለች ጻፈች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ኮምፒውተሩ ላይ ያው ቀይ የስህተት ጽሑፍ ተዘረገፈ።

«አንድ ነገር ዘለሻል» አሉ ሳሲ ማሽ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «እኔ ጋ ይሠራል።»

«እርስዎ ጋማ ምን የማይሠራ አለ፣ ማሽ።»

«እጅሽ እንደ ምላስሽ ቢፈጥን ኖሮ ይኼኔ ጨርሰሽ ነበር።»

ልትመልስላቸው ስትል ፋብሪካው ትዝ አላት። እዚያ የአንዷ ሠራተኛ ፍሬ እየተሰባበረ ሲያስቸግር ተቆጣጣሪዋ ዝም ብላ አትቆጣም። አጠገቧ ቁጭ ብላ ከዚያው ቅርጫት ራሷ ትልጣለች። በእሷም እጅ ከተሰበረ ጥፋቱ ከመላጡ በፊት ፍሬውን የቆላው ሰው እንጂ የላጯ አይደለም።

«ማሽ፣ እስቲ ከእኔ ቅርጫት ይላጡ» አለች።

«ምን?»

«እኔ ወንበር ላይ ይቀመጡ። መመሪያዎን እኔ አነብልዎታለሁ። ያላነበብኩትን መጻፍ ግን የለም።»

ማሽ እየሳቁ ተቀመጡ። እስከ ስድስተኛው ገጽ ድረስ ያፏጩ ነበር። ሰባተኛው ላይ ጣታቸው ከእሷ ንባብ ቀድሞ አንድ መስመር ጻፈ፤ አምቢሊ የምትሠራው ድረ ገጽም ወለል ብሎ ተከፈተ።

«እሱ የት ተጽፏል?»

«የቱ?»

«አሁን የጻፉት።»

ማሽ መመሪያውን ወደ ላይ ፈለጉ፣ ወደ ታች ፈለጉ። የመረጃ ማስቀመጫውን የምትፈጥረው መስመር የለችም። ጣታቸው ስለለመዳት ጭንቅላታቸው ረስቷታል።

«አራት ሰው» አሉ ቀስ ብለው። «እዚች ገጽ ላይ አራት ሰው ሸኝቻለሁ።»

«አምስተኛዋ ልሆን ነበር።»

«አሁኑኑ አስተካክላታለሁ።»

«አይ፣ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የምልከውም እኔ ነኝ።»

እርማቱን በስሟ ላከች። ብዙም ሳይቆይ የቫንቺን እርማት ከሚቀበሉት አንዷ፣ የሌላ ከተማ ሴት፣ «እኔ ጋ ያለዚችም መስመር ይሠራል እኮ» ብላ ጻፈች። ማሽ ጨዋ መልስ ሲያስቡ አምቢሊ ጽፋ ጨርሳለች፦ «እርስዎ ጋ ሁሉ ነገር አስቀድሞ አለ። እኔ ጋ ምንም የለም። መመሪያው የተጻፈው ለማናችን ነው?»

ማሽ ሻያቸውን ሲጨርሱ መስመሯ መመሪያው ውስጥ ገባች፣ ከአምቢሊ ስም ጋር።

ቤት ስትደርስ ኦማና ደጅ ላይ ዓሣ ታጸዳ ነበር። አምቢሊ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ቢላውን አስቀመጠች።

«እኔ አልዘለልኩም ማለት ነው?»

«የሌለውን በምን ትዘይዋለሽ፣ እማ?»

«ያ አስተማሪሽ ግን ዓይንሽን ተመርመሪ ብሎኝ ነበር። እኔም አምኜው መነጽር አደረግሁ።» መነጽሯን አውልቃ ገልበጥ አድርጋ አየችውና መልሳ አጠለቀችው። «የዓሣ እሾክ ለመልቀም ጥሩ ነው።»

ኦማና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሰኞ እስከ ስንት ሰዓት ነው ክፍት የሚሆነው፣ ያ ፎቅ?»

«እስከ ማታ አንድ ሰዓት።»

«ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። አንቺ ቀድመሽ ቦታ ያዢልኝ» አለችና ቢላውን አነሳች። «ለሰውዬውም ዓይኑን እንዲመረመር ንገሪልኝ።»